ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል

ኦበርታል፣ ባየርን
ኦክቶበር 15 ቀን 1979

ለተከበሩ አክስቴ ለቴዳ ፖፒንጋ
ዌስተርዚል፣ ምሥራቅ ፍሪስላንድ

ነፋሱ የቤትዎን ክዳን ሳይነቀንቅ፣ ባሕሩም ግድቡን ሳያልፍ ይህች ደብዳቤ በደህና ትድረስዎ። እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ብደውል የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ፎልከርት ሰው ልኮ ያስጠራዎታል፤ መጥተው «ምን አልክ?» «ምን አልክ?» ሲሉኝ ወሬው ሳይጀመር ያልቃል። ስለዚህ እንደለመድነው በጽሑፍ ይሁን።

ከኛ ሰሜን ወደዚህ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባየሮች አገር፣ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እኔ ስናገር ግማሹ አይገባቸውም፤ እነሱ ሲናገሩ እኔ ጭራሽ። ጠዋትም በኛ አገር ሰላምታ «ሞይን» እላለሁ፣ ከሰዓትም «ሞይን» እላለሁ፣ ሲመሽም ያው ነው። እነሱ ደግሞ ቃሉ «እንደምን አደራችሁ» ይመስላቸዋል። ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴትዮ «ይሄ ኳስ ተጫዋች ሁልጊዜ አሁን ነው እንዴ የሚነሳው?» ብላ ለጎረቤቷ ስታማኝ ሰምቻለሁ።

ክለባችን ዘንድሮ ደህና ይዟል። በሁለተኛው ሊግ አንደኛ የወጣ ወደ ትልቁ ሊግ ያልፋል፤ እኛ አሁን ሦስተኛ ነን። ልጆቹ ገና ካሁኑ ዘፈን ጀምረዋል። እኔ ግን እንደሚያውቁት ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከዌስተርዚል ወጥቼ በአራት ክለብ ኋላ ቆሜ ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ ሰው ያመለጠውን ኳስ ሁሉ እየተከታተልኩ ማውጣት ነው ሥራዬ። ትልቁን ሊግ ግን ቲኬት ገዝቶ ከሚገባ ሰው በላይ አላውቀውም።

አባቴ በየዓመቱ ፎልከርት ቤት ቆሞ «የሚመጣው ዓመት ነው» እንደሚል አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ከኳስ ሌላ አውርተን አናውቅም። ስደውልለት «አሸነፋችሁ?» ይለኛል፤ «አሸነፍን» እለዋለሁ፤ «ጥሩ» ብሎ ይዘጋዋል። ታዲያ ይህን አንድ ነገር ሳላሳየው ኳስ ባቆም በምን ፊቴ ነው ቤቱ የምገባው?

ይህን ሁሉ የማወራው ለርስዎ ብቻ ነው። ግራ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል። የክለቡ ሐኪም ዶክተር ራይዝል ከጨዋታ በፊት መርፌ ይወጋኛል፤ ያልፋል። ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ አደራ።

ሻይ ቢልኩልኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። የዚህ አገር ሰው ሻይ የሚጠጣው ሲታመም ብቻ ነው፤ ያውም ከአበባ የተቀቀለ።

አክባሪዎ
ኦኮ


ዌስተርዚል
ኖቬምበር 4 ቀን 1979

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለኦኮ፣

እግዚአብሔር እግርህን ከክፉ ጫማ፣ ሆድህን ከዚያ አገር ምግብ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ ነው የከዳኝ፤ እሱም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሲረዝም ይጠቅመኛል።

ሻዩን ልኬልሃለሁ፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ስኳርም አብሮት አለ። ወተቱን በጽዋው ዳር ቀስ አድርገህ አውርድ፣ አታማስል። ባየሮች እያዩህ ብታማስል ከዘራችን ፍቄሃለሁ።

የኛ መንደር ቡድን ባለፈው እሁድ ሰባት ለአንድ ተሸነፈ። መቼም በሩ ላይ ቲኬት የምቆርጠው እኔ ስለሆንኩ ሰዉ ሲወጣ የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው፤ ጎሉን ያስገባሁት እኔ ይመስል! አንዷንም ጎል ያገባናት የነሱ ተከላካይ ወደ ራሱ መረብ ልኮልን ነው። አንተ በልጅነትህ እንደዚያ ስታደርግ «ነፋሱ ነው» ትል ነበር።

አባትህ በጎቹን ግድቡ ላይ ያሰማራል፣ ሰኞ ሰኞ ጋዜጣውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ስምህን በጣቱ እየነካ «ይኸው አለ» ይለኛል። ከዚያ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጉልበትህ ልምጣ። ኦኮዬ፣ ሌላውን አታልል፤ እኔን ግን አትችልም። «ትንሽ» ብለህ ጻፍክልኝ። የኛ አገር ሰው «ትንሽ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እኔና አንተ እናውቃለን። ግድቡ የተደረመሰ ዕለት አያትህ እስከ ወገቡ ጨቅይቶ ገባና «ደጁ ትንሽ ረጥቧል» ነው ያለኝ። ባሌ ሃርም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሐሙስ ቀን «ደረቴን ትንሽ ይወጋኛል» አለኝ፤ እሁድ ቀበርነው። ያንተ «ትንሽ» ከነዚህ የትኛው ነው? ደረጃ ስትወርድ እንዴት ያደርግሃል? ጠዋት ከአልጋ ስትነሳስ? እነዚህን ሁለቱን መልስልኝ፤ ሌላው ወሬ ይቆየኛል።

ለአባትህ አልተናገርኩም። ግን አልወደድኩትም።

ፎልከርት ለግድግዳው አዲስ ፎቶ ላክልኝ ይልሃል። በድሮው ፎቶህ ላይ ያለችውን ጢም ሰው ቆሻሻ መስላው ሊጠርጋት ይሞክራል አለ።

የምትወድህ
ቴዳ


ኦበርታል
ጃንዋሪ 21 ቀን 1980

ለተወደዱ አክስቴ ለቴዳ፣

አዲሱ ዓመት በጤና፣ በጠገበ ከብትና በማይዘንብበት እሁድ ይጀምርልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። የክረምት ልምምድ ነበረብን፤ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ የምጽፍበት ቀን አጣሁ።

ፎቶው እዚህ ውስጥ አለ። ጢሙ አሁን ጢም ነው፤ ለፎልከርት ይንገሩልኝ።

እዚህ በረዶው እስከ መስኮት ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት በብርቱካናማ ኳስ ተጫወትን። በመጨረሻው ደቂቃ በረኛችን ወጥቶ ቀረና አጥቂያቸው ባዶ መረብ ላይ መታው። መስመሩ ላይ ቆሜ በደረቴ መለስኩት። ሜዳው ሁሉ በስሜ ጮኸ፤ ደረቴ ላይ የኳሱ ስፌት ታትሞ ለሦስት ቀን ከረመ። ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ነው፣ አክስቴ። አጥቂ ሲያገባ ይዘላል፣ ይጨፍራል። ጠራጊ ግን ምንም ያልሆነ እንዲመስል አድርጎ ይመለሳል።

ክሳቨር የሚባል ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ በኔ ቦታ እየተለማመደ ነው። እንደ ጥንቸል ይሮጣል። እስካሁን ግን ሮጦ የሚደርስበት ቦታ የት እንደሆነ ስለማያውቅ አሰልጣኙ እኔን ነው የሚያሰልፈው። ሁለተኛ ነን፤ ከአንደኛው የሚለየን አንድ ነጥብ ነው።

ስለ ጉልበቴ አይስጉ። የኔ «ትንሽ» አሁን የባየር «ትንሽ» ሆኗል፤ ሁለት ዓመት ቀላል ነው እንዴ! ዶክተሩ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ይወጋኛል፣ እጫወታለሁ።

ቤት ቀይሬያለሁ። አድራሻው ፖስታው ላይ አለልዎ። የድሮው ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ይሄ ምድር ቤት ነው። ዕቃ ለማስገባት ይመቻል።

ሻዩ አልቋል። አላማሰልኩም።

ኦኮ


ዌስተርዚል
ማርች 9 ቀን 1980

ለኦኮዬ፣

ከሕመም ያድንህ፣ እውነት ለመናገርም የማያፍር ልብ ይስጥህ። እኔ እንደሆንኩ አለሁ።

ምድር ቤት ገባህ አይደል? «ዕቃ ለማስገባት ይመቻል»! ምን ዕቃ አለህና ነው? አንድ ሻንጣና ሁለት ጥንድ ጫማ። ደብዳቤህን አንብቤ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ብቻዬን አለቀስኩ። ደረጃ ስትወርድ እንዴት ነህ ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ ደረጃውን ራሱን ትተኸው ሄድክ።

አሁን ስማኝ። ያ ዶክተርህ መጥፎ ሰው አይመስለኝም። ባየር ነው፣ አለቀ። ባየር ጣቱን እሾህ ቢወጋው መንደሩን በጩኸት ያነቃል፤ ስለዚህ ሰው ያልጮኸ እንደሆነ ደህና ይመስለዋል። አንተ «ትንሽ» ስትለው ትንሽ ብሎ ነው የሚሰማህ። ሂድና እንደነሱ ተናገር። ጠረጴዛ ምታ! «ሞትኩ! ተቃጠልኩ!» በለው። ካፈርክ በሩን ዝጋ።

ፎቶህ ፎልከርት ቤት ተሰቅሏል። አባትህ ከሥሩ ነው የሚቀመጠው። ያቺ ክፉ የፎልከርት ሚስት «ሬንት፣ ልጅህ መቼ ነው ትልቁ ሊግ የሚገባው?» ብላ ስታሾፍበት «ዘንድሮ» አላት። እስከ ዛሬ «የሚመጣው ዓመት» ነበር የሚለው። ይህን የምነግርህ እንድትጨነቅ አይደለም። ግን እወቀው።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ልመጣ አስቤያለሁ። ባቡሩን እችለዋለሁ። ስትጫወት ያየሁህ እዚህ ጭቃው ላይ ብቻ ነው፤ ሣር ላይ ሳላይህ ብሞት ይቆጨኛል። አባትህን «አብረን እንሂድ» አልኩት፤ «በጎቹስ?» አለኝ። እሱን ታውቀዋለህ፣ ከአውሪሽ ገበያ ወዲያ ሄዶ አያውቅም።

ጻፍልኝ፤ እውነቱን።

ቴዳ


ኦበርታል
ሜይ 18 ቀን 1980

ለአክስቴ ለቴዳ፣

መንገዱ ይቅናዎት፣ ባቡሩም መስኮት አጠገብ ያስቀምጥዎት። ይምጡ! የክለቡ እንግዳ ማረፊያ አልጋ ይዤልዎታለሁ።

ጨዋታው ሜይ 24 ቀን ቅዳሜ ነው። ከምንገጥመው ቡድን ጋር እኩል ነጥብ ላይ ነን፤ ካሸነፍን አለፍን። አሰልጣኙ ትናንት ጠርቶ «በዚህ ቀን ልጅ አላሰልፍም፤ ኋላ የምትቆመው አንተ ነህ» አለኝ። ለአባቴ ደወልኩለትና ነገርኩት። «ጥሩ» አለ፤ ግን ቶሎ አልዘጋውም፣ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እዚህ ሲመጡ ስለ ጉልበቴ ለማንም አይተንፍሱ። አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን አደርጋለሁ፤ ሐኪም ቤትም ቢሉኝ እሄዳለሁ።

የሚናፍቅዎ
ኦኮ


ኦበርታል፣ ሆስፒታል
ጁን 9 ቀን 1980

ለወይዘሮ ቴዳ ፖፒንጋ፣

የሰላምታውን ነገር ይለፉኝ።

ነገሩን እርስዎ እንዴት እንደሚያስታውሱት አላውቅም፤ እኔ ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ዓርብ ምሳ ላይ ነበርን፣ ቡድኑ በሙሉ። እርስዎ ያን የድንች ድቡልቡል በሹካ እየወጉ «ይሄ ይበላል ወይስ ይለጋል?» ብለው ልጆቹን ሁሉ አስቀዋል። ክሳቨር እንኳ ወዶዎት ወንበር አምጥቶልዎታል። ዶክተር ራይዝል መጣና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«እህ ኦኮ፣ ጉልበቱስ?»

«ትንሽ።»

«በቃ! ነገ በመርፌ እንሸኘዋለን።»

ያን ጊዜ ሹካዎን አስቀመጡ። እንዴት እንደሰሙን አሁንም ይገርመኛል፤ ሌላ ጊዜ ጆሮዎ ሥር ቢጮህ አይሰሙም።

«ዶክተር፣ ልጁ ምን አለዎት?»

«ትንሽ ያመኛል አለኝ፣ እመቤቴ።»

«እኛ አገር ትንሽ የሚባል ሕመም የለም። ወይ ምንም የለም ነው፣ ወይ ትንሽ ነው፤ ከትንሽ ቀጥሎ ቀብር ነው።»

«እየቀለዱ ነው?»

«እጅዎን በጠረጴዛው ሥር ይስደዱና የጉልበቱን ጎን ጫን ያድርጉት። እንቢ ካለ እኔ እይዝልዎታለሁ።»

ሰውዬው እየሳቀ ተጫነኝ። እኔ ድምፅ አላወጣሁም። ቢራዬ ግን ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ ፊቴም ምን እንደመሰለ እንጃ፣ ዶክተሩ ሳቁን አቆመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራጅ ክፍል ነበርኩ። ጅማቱ ከግማሽ በላይ ተበጥሷል አሉ። በማግሥቱ ቀደዱኝ።

ክሳቨር በኔ ቦታ ገባ። አንድ ለዜሮ አሸነፉ። አለፉ። እኔ ያንን ከሬዲዮ ሰማሁ። ሲዘፍኑ ይሰማኝ ነበር፤ ስሜን ማንም አልጠራም፣ ሊጠሩም አይገባም፣ አልነበርኩማ። ውሌ በዚህ ወር ያልቃል። አሰልጣኙ አበባ ይዞ መጥቶ «ለሁሉም ነገር እናመሰግናለን» አለኝ። አበባ የሚያመጡልህ እንደማይፈልጉህ ሊነግሩህ ሲሉ ነው።

አሥራ አራት ዓመት ከኋላ ቆሜ የሌላውን ጥፋት ስጠርግ ኖርኩ። ለራሴ የፈለግሁት አንድ ዘጠና ደቂቃ ነበር፤ እሱም ለኔ አልነበረም፣ ለአባቴ ነበር። እለምንዎታለሁ ብዬ ጽፌ ነበር። እግሬ የራሴ ነው፤ ሰብሬው ከሆነም እኔ ነኝ የሰበርኩት። እርስዎ ምን አገባዎት?

እባክዎ ለጊዜው አይጻፉልኝ።

ኦኮ ፖፒንጋ


ዌስተርዚል
ጁን 15 ቀን 1980

ለኦኮዬ፣

አይጻፉ አልከኝ፤ ጻፍኩ። ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቃለህ። ቁስልህ ይጠግግልህ፣ ቁጣህም በልኩ ይሁንልህ።

ስድቡን ተቀብያለሁ፤ ተገቢ ነው። ግን ቃል አልገባሁልህም። ደብዳቤህን ሳነብ «እሺ» አላልኩም፤ ኮቴን ለብሼ መጣሁ እንጂ። እውነቱን ልንገርህ? ዝም ልል ነበር። እውነቴን ነው። ባቡሩ ላይ ቀኑን ሙሉ «ቴዳ፣ አፍሽን ያዢ፣ አንድ ጨዋታ ነው» እያልኩ ነው የመጣሁት። ጣቢያው ላይ ግን ሻንጣዬን ልትይዝልኝ ደረጃውን ስትወርድ አየሁህ። የደረጃውን መደገፊያ በእጅህ ይዘህ፣ ግራ እግርህን ታስቀድምና ቀኙን ታመጣታለህ። እንደዚያ የሚወርደው የሰማንያ ዓመት ሰው ነው፤ እኔ ራሴ እንደዚያ አልወርድም። ከዚያ በኋላ ሹካ ይዤ መቆየቴም በዛ።

ጥላኝ፤ መብትህ ነው። የሚጠላኝ ኦኮ በሁለት እግሩ እየሄደ ቢያልፈኝ፣ ከሚወደኝና ከሚያነክሰው ኦኮ ይሻለኛል።

ግን አንተ ብቻ አይደለህም ያን ቅዳሜ ያጣኸው። ለዚያ ቀን ብዬ አዲስ ኮት አሰፍቼ ነበር። «ይውጡልኝ» ስላልከኝ ክፍልህ አልገባሁም፤ ኮቴን እንደለበስኩ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሬዲዮህ አይሰማኝም። ነርሷ ከክፍልህ ወጥታ በጣቷ አንድ ብላ አሳየችኝ፣ ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት። ከዚያ በሩ ሲከፈት አልጋህ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረህ አየሁህ። እንደዚያ ቀን ልቤ ያዘነበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አባትህ ጋዜጣው ላይ ስምህን ፈልጎ አጣው። ገጹን ገልብጦም አየው። «የት ሄደ?» አለኝ። «ስልክ ይደውልልሃል» አልኩት። አልደወልክለትም። ይህ ያንተ ሥራ ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ከዚያ እኔ ነኝ የምነግረው።

ብትመልስም ባትመልስም የምትወድህ
ቴዳ


ዌስተርዚል
ጁላይ 13 ቀን 1980

ለኦኮ፣

ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፤ እግዚአብሔር ያግዝህ።

አልመለስክልኝም። ፖስተኛው አጥሬን አልፎ በሄደ ቁጥር ጠላሁት፣ ምስኪኑ ምን አደረገ!

ረቡዕ ዕለት ለአባትህ ነገርኩት። ጉልበትህን፣ ዶክተሩን፣ እኔ ያደረግሁትን፣ ሁሉንም። ክለቡ ማለፉን ነገርኩት። ከእንግዲህ እንደማትጫወትም ነገርኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። ግድቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል በመስኮት አየሁት፤ በጎቹ እንኳ ግራ ገብቷቸው ይከተሉታል። ሐሙስም እንደዚያው ነበር። ፎልከርት ቤት አልሄደም። እዚያ የሚያላግጡበትን ፈርቶ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት በሬን አንኳኳ። የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሷል።

«አክስቴ፣ በጎቹን ያዩልኛል?»

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ታች።»

«ወደ ታች የት? ኤምደን?»

«ወደ ልጁ።»

ተቆጥቶ እንደሆነ ፊቱን አየሁት። ፊቱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ከዚያ ፊት ምን ይነበባል? እንግዲህ ሊደርስብህ ነው። ቢጮህብህ ታገሠው፤ በሕይወቱ ጮኾ ስለማያውቅ አይሆንለትም።

ቴዳ፣ አሁን ደግሞ የበግ እረኛ


ኦበርታል
ጁላይ 21 ቀን 1980

ለውድ አክስቴ ለቴዳ፣

በጎቹ አያስቸግሩዎት፣ ወተትዎ አይርጋ፣ ደጃፍዎ ሰው አይጣ። ደብዳቤዎ ከአባቴ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ስለዚህ ሳልዘጋጅ ነው በሬን የከፈትኩት።

ከሁሉ በፊት ስለዚያ ደብዳቤ ይቅር ይበሉኝ። ሐኪም ቤት ዝም ብሎ ሲተኛ ሰው ክፉ ይሆናል። ዶክተር ራይዝል ዓርብ ዕለት ድጋሚ አየኝ። አንድ ጨዋታ ብጨምር ኖሮ ሁለተኛ እንደማላጥፈው ነገረኝ። አሁን ግን እራመዳለሁ፣ ብስክሌትም እነዳለሁ አለኝ። «ያች አክስትህ አሁንም በሕይወት አለች?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከሰሜን በሽተኛ በመጣለት ቁጥር «ትንሽ» የሚለውን ቃል ከርስዎ በተማረው መንገድ ነው የሚሰማው።

አሁን አባቴን ልንገርዎት። በሩ ላይ ቆሞ «ሞይን» አለኝ፣ «ሞይን» አልኩት። በጭስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ሙቀት ውስጥ የዋለ ዓሣ እንዴት እንደሚሸት ያውቃሉ፤ ባቡሩ ላይ ሰው ተነሥቶ ቦታ ሳይቀይር አልቀረም። ገብቶ ተቀመጠ። ጉልበቴን አየ፣ አልነካውም። ወጥ ቤት የሚንጠባጠብ ቧንቧ አለ፤ ተነሥቶ ጠገነው። በማግሥቱ የበሩን ማጠፊያ ጠገነ። ከዚያ የሚጠገን አጣ።

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የይቅርታውን ቃል ይዤ እዞራለሁ። መቼ ይጠይቀኛል እያልኩ ተሳቀቅሁ። አልጠየቀኝም። ትናንት ከሰዓት ወንዙ ዳር እስካለው አግዳሚ ድረስ ቀስ እያልን ሄድን፤ እኔ በክራንች፣ እሱ ከኔ እኩል እንዲሆን እርምጃውን እያሳጠረ። ተቀመጥን። ከፊታችን ሜዳው ይታያል፤ ሣሩን ለአዲሱ ሊግ እየቀየሩት ነው።

«አባዬ፣ ትልቁ ሊግ አልሆነልኝም። ይቅርታ» አልኩት።

«የምን ይቅርታ?»

«አንተ ስትጠብቀው የኖርከው ነው።»

  ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ኦኮ፣ እኔ ኳስ አልወድም» አለኝ።

በትክክል የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን?» አልኩት፤ እንደ እርስዎ።

«ወድጄውም አላውቅ። ሕጉም በቅጡ አልገባኝም። ያ ከጨዋታ ውጭ የሚሉትን ነገር ፎልከርት በቡሽ እየደረደረ ስንቴ አስረድቶኛል፣ እንቢ አለኝ። አንተን የምታዋራህ እናትህ ነበረች። እሷ ስትሄድ እኔ የማዋራህበት ቃል አልነበረኝም። ‹አሸነፋችሁ?› ማለት ብቻ ነው የምችለው፤ እሱን ስጠይቅህ ድምፅህን እሰማለሁ።»

«ፎልከርት ቤትስ? በየዓመቱ ‹የሚመጣው ዓመት› የምትለውስ?»

«ስለ ልጄ ነዋ የማወራው። ሰዉ ሌላ ምን ብሎ ይጠይቀኛል?»

አክስቴ፣ የልጅነቴን ሁሉ አሰብኩት። እዚያ ከግድቡ በኩል ካለው መረብ ጀርባ፣ ዝናቡ በአግድም እየመታው፣ አባቶች ሁሉ ወደ ቤት ሲገቡ እሱ ብቻ የሚቀርበትን። እኔ ኋላ የምቆም ተጫዋች ስለሆንኩ ሁልጊዜ እዚያ ስዞር ይታየኝ ነበር። ኳሱን እያየ ነው ብዬ ነበር የማስበው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ማልቀስ አሳፈረኝ፤ ግን አለቀስኩ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ዝናብ ላይ ምን ያቆምህ ነበር?» አልኩት።

እንደማላውቅ ገርሞት አየኝ።

«አንተ እዚያ ነበርካ» አለኝ።

ሐሙስ አብረን ዌስተርዚል እንገባለን።

ልጅዎ
ኦኮ